በመሃል የቀረነው፦ የጥርስ ሥር ሕክምናን ማን ይክፈል?

በመጀመሪያው ሴሚስተር የፈተና ሰሞን ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በግራ በኩል ያለው የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ልክ እንደ ልብ ይመታ ነበር። ክርያት ሐይም ካለው ቤታችን በሜትሮኒት እስከ መርካዚት ሃሚፍራጽ፣ ከዚያ በራካቭሊት ወደ ዩኒቨርሲቲ ስወጣ ጉንጬን በቀዝቃዛው መስታወት ላይ አስደግፍ ነበር። ቅዝቃዜው ለጥቂት ደቂቃ ያስታግስልኛል። ማታ ማታ እናቴ ቅርንፉድ ትሰጠኛለች። «ያዢበት ልጄ፤ እኛ ሀገር ቤት በዚህ ነው ያደርነው» ትለኛለች። ቅርንፉድ ያደነዝዛል፤ አያድንም።

በአራተኛው ቀን ሐኪም ጋ ሄድኩ። ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ በሥዕሉ ላይ ጥቁሩን ቦታ በእስክሪብቶው እያሳየኝ «ቲፑል ሾሬሽ ያስፈልግሻል፤ ከዚያ ከተር» አለኝ። ስወጣ ጸሐፊዋ የዋጋ ወረቀት አተመችልኝ። ለሥር ሕክምናው 1,900 ሼቄል፤ ለሙሌቱና በጥርሱ ላይ ለሚለበሰው ቆብ 2,600 ሼቄል፤ ድምሩ 4,500። ከሥሩ ሌላ መስመር ነበረ፦ መንቀል፣ 350 ሼቄል።

እኔ ማኅበራዊ ሥራ የምማር ተማሪ ነኝ። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባሁ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። በክፍል ውስጥ ስለ ድህነት ብዙ እናነባለን። እኔ ግን በ4,500 እና በ350 መካከል ያለውን ልዩነት ያህል ድህነትን በአጭሩ ያስረዳኝ ነገር የለም። ገንዘብ ያለው ሰው ጥርሱን ያድናል፤ የሌለው ይነቅላል። ሁለቱም «ታከምኩ» ይላሉ።

ብዙዎቻችን የምንፈራውን ነገር በትክክል ስለማናውቀው በመጀመሪያ የሥር ሕክምና ምን እንደሆነ ላስረዳ። በጥርስ ውስጥ ነርቭና የደም ሥር አለ። ጥርሱ ሲቦረቦርና ቀዳዳው እዚያ ሲደርስ ውስጡ ያብጣል፣ ይመግላል። ሐኪሙ ጥርሱን ካደነዘዘ በኋላ ከላይ ከፍቶ፣ እንደ መርፌ በቀጠኑ ሞረዶች የሥሩን ቱቦዎች ይጠርጋል፣ ያጥባል፣ እንደ ላስቲክ ባለ ነገር ይሞላል። የፊት ጥርስ ብዙ ጊዜ አንድ ቱቦ ነው ያለው፤ መንጋጋ ሦስት ወይም አራት ሊኖረው ይችላል። ለዚህ ነው የመንጋጋ ሥራ ረጅምና ውድ የሚሆነው። ነርቩ የወጣለት መንጋጋ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከተር ይለበሳል። ስለዚህ አንድ ዋጋ ሲነገራችሁ ሁልጊዜ «ከተሩን ጨምሮ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ። አራት ነን፦ አያቴ፣ እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ። የምንበላው ከአንድ መሶብ ነው። ጥርሳችንን የምንቦርሸው ከአንድ መታጠቢያ ቤት ነው። የአራታችንም ጥርስ ታሟል። የአራታችን ዕጣ ግን ለየቅል ነው።

አያቴ 79 ዓመታቸው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሰው ሠራሽ ጥርስ በኩፓት ሖሊማቸው በኩል ተሠራላቸው። የከፈልነው የድርሻችንን ብቻ ነው። ዛሬ ሥጋ ያላምጣሉ፤ ስልክ ላይ ሲያወሩም ቃላቸው ይሰማል።

ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው። በ15 ዓመቱ ልክ የእኔው መንጋጋ፣ በልክ የእኔው በኩል ታመመበት። የሥር ሕክምናና ሙሌት ተደረገለት። ለእያንዳንዱ ጉብኝት ጥቂት ሼቄል ከፍለን ወጣን። ልጁ ነገሩን ከነጭራሹ ረስቶታል።

እናቴ 52 ዓመቷ ነው። ባለፉት አሥር ዓመታት ሦስት መንጋጋ አስነቅላለች። ሦስቱም ጊዜ ሐኪሙ «ሊድን ይችላል» ብሏት ነበር። ሦስቱም ጊዜ ዋጋውን አይታ «ንቀለውና ልገላገል» አለች። ዛሬ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ባለፈው ሲግድ ኢየሩሳሌም የተነሣናቸውን ፎቶዎች ሳያቸው፣ አንድም ቦታ ላይ እጇ ከአፏ አልወረደም።

አራተኛዋ እኔ ነኝ፤ የእኔን ከላይ ነገርኳችሁ።

የአራታችንን ዕጣ የለየው የተወለድንበት ዓመት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የብሔራዊ የጤና መድን ሕግ በ1994 በክኔሴት ጸድቆ ከ1995 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በዚያ ሕግ መሠረት በእስራኤል የሚኖር ሁሉ ከአራቱ ኩፖት ማለትም ከክላሊት፣ ከማካቢ፣ ከመኡሔደት ወይም ከለኡሚት የአንዱ አባል ነው፤ ልቡ፣ ኩላሊቱ፣ ዓይኑ ሲታመም ይታከማል። የአዋቂ ሰው ጥርስ ግን ከቅርጫቱ ውጭ ቀረ። አፍ የሰውነት አካል ያልሆነ ይመስል።

በ2010፣ በወቅቱ የጤና ምክትል ሚኒስትር በነበሩት በያዕቆብ ሊጽማን ጊዜ፣ በሩ ትንሽ ተከፈተ። በመጀመሪያ እስከ 8 ዓመት ያሉ ልጆች ገቡ። ከዚያ ዕድሜው ቀስ እያለ ከፍ አለ፤ በ2012 እስከ 12 ዓመት ደረሰ፤ በ2019 እስከ 18 ዓመት። በዚያው በ2019 ዕድሜያቸው ከ75 በላይ የሆኑ አረጋውያን ተጨመሩ፤ በ2022 ደግሞ ይህ ወደ 72 ዝቅ አለ።

እኔ የተወለድኩት በ2000 መጀመሪያ ላይ ነው። ሕጉ ለ8 ዓመት ልጆች ሲደርስ እኔ 10 ሞልቶኝ ነበር። 12 ሲደርስ እኔ 12ን አልፌ ነበር። 18 ላይ ሲደርስ 19 ልገባ ነበር፤ ወታደር ነበርኩ። ሕጉ ዕድሜዬን በሙሉ ከኋላዬ ሲሮጥ ኖረ፤ አንድ ቀንም አልደረሰብኝም። ወንድሜ በ2008 ስለተወለደ ብቻ ሁሉም ነገር ቆሞ ጠበቀው። በእሱ አልቀናም፤ ደስ ይለኛል። ግን ልብ በሉ፤ ከሁለቱ ጫፍ ያሉት ተሸፍነዋል፤ በመሃል ያለነው፣ ሠርተን ከትሉሻችን ላይ በየወሩ ማስ ብሪዑት የሚቆረጥብን፣ ሜዳ ላይ ነን። እናቴ ቅርጫቱን ትሞላለች፤ ከቅርጫቱ ግን ለጥርሷ የሚወጣ ነገር የለም።

«ታዲያ የጥርስ ቢቱዋሕ ለምን አትገዢም?» ይሉኛል። እኔም በዚያ በሕመሜ ሳምንት ይህንኑ አሰብኩ። ለአንድ ኩባንያ ደወልኩ። የመለሰችልኝ ሴት ትሁት ነበረች። «አሁን የሚያምሽ ጥርስ አለ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ከመግባቴ በፊት ለጀመረ ሕመም እንደማይከፍሉ ነገረችኝ። ለሌሎቹ ጥርሶቼም ለሥር ሕክምና ወራት፣ ለከተር ደግሞ ከዚያ የረዘመ የመጠበቂያ ጊዜ አለ፤ ይህ በዕብራይስጥ ትኩፋት አኽሻራ ይባላል።

ስልኩን ስዘጋ ተናድጄ ነበር። ማታ ለእናቴ ስነግራት ሳቀችብኝ። «ታዲያ ሰው ከሞተ በኋላ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ዕድር ልግባ ይባላል?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ቢቱዋሕ የሚባለው ነገር ለወላጆቻችን እንግዳ አይደለም። ዕድር ነው። ሁሉም ደህና ሳለ ትንሽ ትንሽ ያዋጣል፤ የተጎዳው ይነሣበታል። ዕድር የሚሠራው ሰዎች ሳይቸግራቸው ስለሚገቡና ብዙ ስለሆኑ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ዕድር ሊሆን አይችልም። ሰው በተቸገረ ቀን ብቻ የሚገባበት ዕድርም በወሩ ይፈርሳል።

ስለዚህ የጥርስ ቢቱዋሕ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው። ለታመመ ጥርስ አይጠቅምም። ለጤነኛ ጥርስ አንዳንዴ ይጠቅማል፤ ይህም ሒሳቡ ላይ ይወሰናል። ሒሳቡን ለምሳሌ አብረን እንሥራ። በወር 60 ሼቄል ትከፍላላችሁ እንበል። በሁለት ዓመት 1,440 ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 4,500 ሼቄል የሚያስወጣ ጥርስ ታመመባችሁ፤ ውሉ ግማሹን ይከፍላል እንበል፤ 2,250። እናንተ ከኪስ የቀረውን 2,250 ትከፍላላችሁ፤ ይህ ሂሽታትፉት ዓጽሚት ነው። ትርፋችሁ 810 ሼቄል ነው። ጥርስ ካልታመመባችሁ 1,440 ሄደ። ኩባንያው በራሱ የዋጋ ዝርዝር እንጂ በሐኪማችሁ ዋጋ ካልከፈለ ወይም የዓመት ጣሪያ ካለው፣ ያ 810 ሊቀልጥ ይችላል። መጥፎ ንግድ ነው አልልም። ግን ሻጩ በስልክ እንደሚያወራው ተአምርም አይደለም።

ለአንድ ሰው በተናጠል ከሚሸጠው ይልቅ በሥራ ቦታ ለሁሉም ሠራተኛ በአንድ ላይ የሚገዛው የጥርስ ቢቱዋሕ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ምክንያቱ ያው የዕድር ምክንያት ነው፤ ብዙ ናቸው፣ ደህና ሳሉ ገብተዋል፣ ኮሚቴ ሆነው ዋጋ ተደራድረዋል። እዚህ ላይ ግን የእኛን ሰው የሚያሳዝን ነገር አለ። እናቴ የምታጸዳው ሕንፃ ውስጥ ያሉት ጸሐፊዎች የጥርስ ቢቱዋሕ አላቸው። እናቴ የላትም፤ ምክንያቱም ተቀጣሪነቷ ለጽዳት ካብላኑ ነው። አንድ ፎቅ፣ አንድ ሊፍት፣ አንድ ኩሽና። የእነሱ ጥርስ ይድናል፤ የእሷ ይነቀላል። ከወላጆቻችን ስንቶቹ በካብላን በኩል እንደሚሠሩ እናንተው ታውቃላችሁ።

ሌላ ነገር ላንሣ። ብዙ ቤተሰቦች ለትንንሽ ልጆቻቸው በየወሩ የጥርስ ቢቱዋሕ ይከፍላሉ። አንድ ሶኼን ደውሎ በፈጣን ዕብራይስጥ አውርቶ «ኬን? ኬን?» ሲላቸው «ኬን» ብለው ነው የገቡት። የልጆች ምርመራ፣ ማጽዳት፣ ሙሌት፣ የሥር ሕክምና እስከ 18 ዓመት በኩፓ ቅርጫት ውስጥ አለ። የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ የለበትም። ለሽቦው ብላችሁ ከሆነ ውሉ እሱን መክፈል አለመክፈሉን አንብቡ። ለሙሌቱ ከሆነ ግን በእጃችሁ ያለውን ዕቃ እንደገና እየገዛችሁ ነው።

የእኔ ነገር እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ። የግል ክሊኒኩን ወረቀት ይዤ ወደ ኩፓዬ የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ ያለችው ሴት ካርዴን ስታስገባ «ቢቱዋሕ ማሽሊም አለሽ፤ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። እናቴ ከልጅነታችን ጀምሮ በየወሩ ስትከፍልልን ኖራለች፤ ምን እንደሚሰጥ ግን አንድም ሰው ነግሯት አያውቅም። በእሱ ምክንያት አጠቃላይ ዋጋው ከ4,500 ወደ 3,200 ወረደ፤ በስድስት ታሽሉሚም። ቤታችን ውስጥ ተኝቶ የነበረው ቢቱዋሕ ልገዛው ከሮጥኩለት የበለጠ ጠቀመኝ።

3,200 ግን አሁንም ብዙ ነው። የወታደርነት ፒካዶኔ ባንክ ተቀምጧል። ከአምስት ዓመት በፊት ከፒካዶን ማውጣት የሚቻለው ለትምህርት፣ ለሠርግ፣ ለቤት፣ ለንግድ መጀመሪያና ለመንጃ ፈቃድ ነው። ለጥርስ አይቻልም። ለማግባት ገንዘብ አለኝ፤ በሠርጌ ላይ ሥጋ ለማላመጥ ግን የለኝም።

እናቴ ከሠፈር ሴቶች ጋር ዕቁብ አላት። በዚያ ወር ዕጣው ደረሳት። ለረጅም ጊዜ «የዚህ ዕቁብ ገንዘብ ለጥርሴ ነው» ስትል ሰምቻለሁ፤ ድልድይ ልታሠራ ነበር። ብሩን በፖስታ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። «እማዬ፣ አይሆንም፤ ያንቺ ነው» አልኳት። «የእኔ ከወለቀ ቆይቷል። ያንቺ ገና አለ። ያለውን ነው የሚያድኑት» አለችኝ። ተከራከርኳት። አላሸነፍኳትም።

ጥርሴ ድኗል። በእሱ ባላመጥኩ ቁጥር ግን የማን ጥርስ እንደሆነ አውቃለሁ። ለዚህም ነው ይህን የምጽፈው። አንድ እናት የራሷን አፍ ባዶ አድርጋ የልጇን ጥርስ ማዳን ካለባት፣ ጉዳዩ «ጥርስሽን በደንብ ቦርሺ» በሚል ምክር ብቻ አያልቅም።

የሚቃወሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ። አንደኛው «ጥርስ የራስ ኃላፊነት ነው፤ ስኳር ቀንሱ፣ ቦርሹ» ይላል። እውነት አለው። ሽማግሌዎቻችን ሀገር ቤት ሳሉ በመፋቂያ ይፍቁ ነበር፤ ስኳርም በየቀኑ አያገኙም ነበር። እዚህ መጥተን መርካዝ ቅሊታ ስንገባ ጣፋጭ መጠጥና ባምባ ከውኃ ይልቅ ቀረበን። ልማዳችንን ማረም አለብን፤ እኔም ራሴን አርሜያለሁ። ነገር ግን ኩፓት ሖሊም ሲጋራ ላጨሰ ሰው ሳንባ፣ ጨው ላበዛ ሰው ልብ ሕክምና ይከፍላል። «ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ሳንባህን አስነቅል» የሚለው የለም። ጥርስ ላይ ብቻ ለምን ይባላል?

ሌላው «መንግሥት ገንዘብ የለውም» ይላል። ይህን በ2010ም ብለውት ነበር። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ፣ ደረጃ በደረጃ፣ ከ8 ወደ 18 ደረሱ። እኔም በአንድ ቀን ሁሉም ይሁን አልልም። በመጣበት መንገድ ይቀጥል ነው የምለው። ከ18 ወደ 21፣ ከ21 ወደ 25፤ ከላይም ከ72 ወደ 67። በመጀመሪያ ምርመራ፣ ሙሌትና የሥር ሕክምና ይግቡ። ከተሩ ቆይቶ ይምጣ። ዛሬ በሙሌት የሚያልቀው ቀዳዳ ነገ የሥር ሕክምና ይሆናል፣ ከነገ ወዲያ መንቀል፣ በመጨረሻም በ72 ዓመት መንግሥት የሚከፍልበት ሰው ሠራሽ ጥርስ። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለበጀት ክፍልም ይሠራል።

ሦስተኛው «በጎ አድራጊዎች አሉ» ይላል። አሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። በኢየሩሳሌም ከሆሎኮስት የተረፉት ትሩዲ ቢርገር በ1980 የመሠረቱት የበጎ ፈቃደኞች የጥርስ ክሊኒክ ለችግረኛ ልጆች በነፃ ሲያክም ኖሯል። እኚያ ሴት ሥራቸውን የጀመሩት የልጆች ጥርስ በሕግ ከመግባቱ 30 ዓመት ቀድመው ነው። በማኅበራዊ ሥራ ትምህርታችን የምናውቀው አንድ ነገር አለ፤ ምጽዋት የሚጠብቅ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል፤ መብት ያለው ሰው ቀጠሮ ይይዛል።

ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ግን ጥርሳችን አይጠብቅም። ስለዚህ ለእናንተ፣ ለእህቶቼና ለወንድሞቼ፣ የምለምናችሁ ነገር አለ።

ታናሽ እህት ወይም ወንድም ካላችሁ፣ 18 ከመሙላታቸው በፊት ሙሉ ምርመራ አስደርጉላቸው። ባያማቸውም። ቀዳዳ ከተገኘ በልደታቸው ዋዜማ ጥቂት ሼቄል ነው፤ በማግስቱ ሺሕ ነው።

ወታደር ካላችሁ፣ ከመፈታቱ በፊት ወደ ጥርስ ሐኪም ላኩት። በአገልግሎት ላይ ላለ ወታደር ሠራዊቱ ጥርስ ያክማል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ በር ክፍት ሳለ «አያመኝም» ብዬ አንድ ቀን አልገባሁም። ከተፈታሁ በኋላ ነው የተቆጨሁት።

አያት ወይም አባት 72 ከሞላቸው፣ ወደ ኩፓቸው ደውላችሁ ስለ ጥርስ መብታቸው ጠይቁላቸው። ብዙ አረጋውያን ይህ ሕግ ለእነሱ እንደወጣ አልሰሙም። የሚተረጉምላቸው ሰው ካጡ እናንተ አብራችሁ ሂዱ።

ከወላጆቻችሁ ጋር አንድ ማታ ተቀመጡና ሃር ሃቢቱዋሕ የሚባለውን የመንግሥት ድረ ገጽ በተዑዳት ዘሁታቸው ክፈቱ። ከ2016 ጀምሮ እያንዳንዱ ሰው በስሙ ያሉትን ቢቱዋሖች እዚያ ማየት ይችላል። ሁለት ጊዜ የሚከፈል ካለ ይታያችኋል። ልጆቻቸው 18 ሳይሞሉ የጥርስ ቢቱዋሕ እየተከፈለላቸው ከሆነም ይታያችኋል። የተረፈውን በዕቁብ አስቀምጡት፤ ለአፍ ብላችሁ ለዩት።

የጥርስ ቢቱዋሕ ልትገዙ ከሆነ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አምስት ነገር ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ትኩፋት አኽሻራው ለሥር ሕክምና ስንት ወር ነው? ለከተርስ? የእኔ ድርሻ ስንት በመቶ ነው? የዓመት ጣሪያ አለው? የሚከፍለው በየትኛው የዋጋ ዝርዝር ነው? ሻጩ አንዱን መመለስ ካልቻለ ስልኩን ዝጉ።

ጥርስ ከታመመባችሁ ደግሞ በአንድ ወረቀት አትወስኑ። ቢያንስ ሁለት ዋጋ አምጡ፤ አንዱ ከኩፓችሁ ክሊኒክ ይሁን። በኢየሩሳሌም የሃዳሳና በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በመምህራን ቁጥጥር ሥር ያክማሉ፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ቀጠሮው ይበዛል። እዚሁ ሐይፋ ውስጥ ራምባም ሆስፒታልም በየሙያው የሚሰለጥኑ የጥርስ ሐኪሞች አሉ። ቤተሰባችሁ በረቫሓ የተመዘገበ ከሆነ ማኅበራዊ ሠራተኛዋን «ለጥርስ ርዳታ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዴ አለ፤ ያልጠየቀ ግን አያገኝም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እኛ ደግሞ ጥርስን መደበቅ እንወዳለን።

ለማኅበራችንም አንድ ጥያቄ አለኝ። ብዙ መቶ ተማሪዎች ነን፤ አብዛኞቻችን ወጣትና ጥርሳችን ገና ጤነኛ ነው። ዕድር የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። በተናጠል ስልክ እየመለስን ከምንታለል፣ ማኅበሩ ስለ አባላቱ ሁሉ አንድ ላይ ተደራድሮ ዋጋ ቢያመጣ ምን ይጎዳል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። በክርያት ሐይም ማትናስም በወር አንድ ማታ ተማሪዎች ተቀምጠን የወላጆቻችንን ወረቀት ብናነብላቸው፣ እኔ የመጀመሪያዋ እመጣለሁ። የምናየውን ሁሉ ጽፈን ለክኔሴት የጤና ኮሚቴ እንላክ። «በመሃል ያሉት» የሚባሉ ሰዎች እንዳሉ ከእኛ ይስሙ።

የሚቀጥለውን የእናቴን ዕቁብ ዕጣ ማንም አይነካውም፤ ከወንድሜ ጋር ተማምለናል። በኩፓዋ ክሊኒክ ቀጠሮ ይዤላታለሁ፤ አብሬያት እሄዳለሁ። እናቴ 72 እስኪሞላት 20 ዓመት ይቀራታል። ሃያ ዓመት ሙሉ አፏን በእጇ ሸፍና እንድትስቅ አልፈልግም።